የወይዘሮ አንቀጽ ማክሰኞ

የወላጆች ስብሰባ ባለበት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ…» ሲል ሁላችንም ቦርሳችንን እናነሳለን፤ እሱ ግን እጁን ያነሳል። ከዚያ ወዲያ ቤት መሄድ የለም። ለእያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ አንድ ተመድቦለታል ብዬ አምናለሁ። ለእኛ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ አንቀጽ ናቸው።

ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የልጆቻችንን ዩኒፎርም ያሳጥራሉ፣ ያስረዝማሉ፣ የተቀደደ ጉልበት ይጠግናሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ሱቁን ዘግተው የክልሉ ምክር ቤት ይሄዳሉ። የትምህርት ኮሚቴው የሚሰበሰበው ማክሰኞ ስለሆነ፣ ለሕዝብ በተተዉት የኋላ ወንበሮች ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ስለ ትምህርት የሚወጣውን ረቂቅ አዋጅ ሁሉ ይከታተላሉ። «የሕግ ጉዳዮች ተከታታይ» ብለን በጭብጨባ የመረጥናቸው እኛው ነን። ያጨበጨብነው ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ነበር።

አሠራራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ልጄን ቀሚሷን ላስረዝም ይዣት ስገባ፣ የድሮውን አዋጅና አዲሱን ረቂቅ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው የተለወጠውን ሁሉ በጨርቅ ጠመኔ ያሰምሩ ነበር። የጠፋ አንቀጽ ሲያገኙ ቦታው ላይ ስፒል ይሰኩበታል። የእሳቸውን ረቂቅ የሚያገላብጥ ሰው ጣቱ ሳይወጋ አይመለስም።

«እትዬ፣ ምን አደከመዎት? ስለ አዋጁ እኮ በሬዲዮ ሰምተናል» አልኳቸው።

በጥርሳቸው የያዙትን ስፒል ሳያወጡ፣ «ሰምተኸዋል ወይስ አንብበኸዋል?» አሉኝ።

ይቺ የዘወትር አባባላቸው ናት። ፋርማሲ ሄደው ባለሙያዋ «በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱት» ስትላቸው እንኳ፣ «ሰምተሽ ነው ወይስ አንብበሽ?» ብለው በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አስነብበዋታል ይባላል። ከኋላቸው ወረፋው በር ደርሶ ነበር አሉ።

ትልቁ መከራችን ግን የወላጆች የስልክ ቡድን ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልካችን ይንጫጫል። «ረቂቁ ለሁለተኛ ንባብ ተመርቷል።» «ንዑስ አንቀጽ ሦስት ወጥቷል፤ ለምን?» የእኛ መልስ የአውራ ጣት ምልክት ነው። አውራ ጣት በእኛ ቡድን «አላነበብኩትም፤ ግን ክፉ ሰው አይደለሁም» ማለት ነው። እኔማ ድምፁን ዘግቼ፣ በሳምንት አንዴ ብቅ እያልኩ አውራ ጣቴን አድዬ እወጣ ነበር። ማንበብና መጻፍ መተዳደሪያዬ ነው። ሰው አያነብም እያልኩ በዚሁ ዓምድ ስንት ጊዜ እንዳማረርኩ አንባቢ ያውቃል።

ዘንድሮ የመጣው ረቂቅ አንቀጽ አሥራ አራት የሚባል ነገር ነበረው። ንባብ የሚከብዳቸው ልጆች ከሠላሳ በታች በሆኑበት ትምህርት ቤት የንባብ ድጋፍ አስተማሪ አይመደብም ይላል። በእኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉት ልጆች አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንዷ የእኔ ልጅ ናት። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከዚያች አስተማሪ ጋር ስድስት ወር ተቀምጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ገጽ ሳታለቅስ ጨርሳ ነበር።

ወይዘሮ አንቀጽ ከምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ውስጥ ማንም ልብ ያላለውን መውጫ አገኙ። በሕዝብ አስተያየት መድረኩ ላይ ከአንድ ትምህርት ቤት አሥራ አምስት ወላጆች ቀርበው ከተመዘገቡ፣ ኮሚቴው አንቀጹን ለብቻው አውጥቶ እንደገና የማየት ግዴታ አለበት። ወዲያው ጻፉልን፦ «ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አሥራ አምስት ሰው ይበቃል። የምትመጡ አሳውቁኝ።» ስልሳ አንድ አውራ ጣት ተደረደረ። አንዱ የእኔ ነው። እሳቸውም አምነው፣ ሰው ቆሞ እንዳይቀር ብለው ምክር ቤቱን ጠይቀው ተጨማሪ ወንበር አስመጡ።

ረቂቁ እንዳለ ጸደቀ። እኔ ይህን ያወቅኩት ልጄን ልወስድ ሄጄ፣ አስተማሪዋ የፊደል ካርዶቿን በካርቶን ይዛ ከግቢው ስትወጣ ሳይ ነው። ደሜ ፈላ። በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ላይ ጮህኩበት።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን ለምን ማንም አልነገረንም?»

ዘበኛው ራሱም ወላጅ ነው። «ተነግሮህ ነበር እኮ» አለኝ፤ «እኔ ፈረቃ ቀይሬ ሄጃለሁ። ሦስት ወላጆች ነበርን።»

«ከወይዘሮ አንቀጽ ጋር አራት።»

«እሳቸው አይቆጠሩም። መዝጋቢዋ ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ነው ስትላቸው፣ ልጄ ትምህርት ከጨረሰ አራት ዓመቱ ነው አሉ። እንግዲያው ወላጅ አይደሉም ብላ ሳትመዘግባቸው ቀረች።»

አራት ዓመት! እኔ ድምፃቸውን የዘጋሁባቸው ሴትዮ የሚሟገቱለት ልጅ የራሳቸው አልነበረም።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ሦስት ደቂቃ ለምነው ተናገሩ። አንዲት ልጅ አለች አሉ፤ ቀሚሷን ስለካት ግድግዳዬ ላይ ያለውን ማስታወቂያ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ፤ ስትጨርስ ደግሞ ‹እንደገና ላንብብልሽ?› አለችኝ አሉ። ከዚያ ሰዓትዎ አልቋል ተባሉ።»

ልጄ እጄን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። መንግሥትን መራገም እችል ነበር፤ ልማዴም ነው። ግን ልጄን አስተማሪዋን ያሳጣኋት እኔው ነኝ። እኚያን ሴትዮ እወዳቸዋለሁ፤ ለማወቅ ግን ዘገየሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፦ «አንቀጽ አሥራ አራትን ለማሰረዝ አቤቱታ ይቀርባል። ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት።» አውራ ጣቶቹ ይደረደሩ ጀመር። እኔ «እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ወቀሳ ጠበቅኩ። የመጣልኝ መልስ «መታወቂያ ይዘህ ና፤ አለዚያ አያስገቡህም» የሚል ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ስደርስ ብቻቸውን ነበሩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በግድግዳው ጥግ ጥጉን የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ለእኛ የመጡት ናቸው፤ አቧራ ጠጥተዋል።

«እነዚህን እስካሁን አላነሷቸውም?» አልኳቸው።

«አታንሷቸው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን እትዬ?»

ከረቂቁ ቀና ሳይሉ፣ «ቢመጡስ?» አሉ።