አየት አድርገው የሚመልሱት

የፕላስቲኩን ቋጠሮ በጥፍራቸው ፈተው ሊጨርሱ ሲሉ ደረሰችባቸው።

«አየት አድርጌ ልመልሰው ብዬ ነው» አሉ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ እጃቸውን ከችግኙ ሳያነሱ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የሚንተከተክ ድስት ይከፍታል፤ የተኛ ሕፃን «ተኝቷል?» ብሎ ይቀሰቅሳል። የእሷ ድርሻ እኚህ ክቡርነታቸው ናቸው። ደህና ይሠራ የነበረውን የግድግዳ ሰዓት ከፍተው፣ አይተው መልሰውታል፤ ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ጌጥ ነው። ክንዳቸው የተሰበረ ጊዜም አጥንቱ መግጠሙን ለማየት ጀሶውን በመጋዝ ቀደዱት። ክንዱ ገጠመ፣ ጠመም ብሎ።

ይህን ሁሉ ችላለች። ችግኝ አፍልታ የምታድር ሴት ናት፤ መታገስ ሥራዋ ነው። የአባቷ ብርቱካን ግን ሌላ ነገር ነው። ዛፉ ለአጥር ግንብ ሲባል ሊቆረጥ ሲል ቀንበጦች ወስዳ ሥር ባላቸው ችግኞች ላይ አዳቀለች። ከልጣጩ ሥር ያለችውን ቀጭን አረንጓዴ መስመር ከመስመር አጋጥማ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ቁስሉ እንደታሸገ ከቆየ አዲስ ሥጋ አውጥቶ ሁለቱን ያዋህዳቸዋል። አየር ከገባው ይደርቃል።

ቀንበጦቹ ግን አንድ በአንድ ሲደርቁ ከረሙ። ለምን እንደደረቁ አሁን ገባት። አባቷም ዛፉም የሉም፤ የቀረው ይህ አንድ ቀንበጥ ነው፣ እሱም ከቦታው ተንሸራትቷል።

«ጋሼ፣ ስንቱን ፈተዋል?»

«ሁሉንም። መልሼ አስሬያለሁ እኮ። ደግሞ አንቺ ልጅ፣ ቁስል አየር ይፈልጋል።»

ደሟ ፈላ።

«አንተ» አለች። ከተዳረች ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው፣ አንተ አለችው። «እጅህን እንዳታነሳ። መስመሩን ከመስመሩ ግጠም። ያዝ። ጨምቅ አላልኩህም፣ ያዝ። ማሰሪያ ይዤ እስክመጣ አየት ብታደርግ፣ ደህናውን ክንድህን እኔ እሰብርልሃለሁ።»

ቤት ውስጥ ማሰሪያ አልቆ ነበር። ገበያ ወርዳ፣ ሱቁ ተዘግቶባት፣ ሌላ ፈልጋ፣ ዝናብ ወርዶባት ስትመለስ እዚያው እንደተንበረከከ አገኘችው። ውሃው ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ በጠማማው ክንዱ ላይ ይወርዳል። መዳፉ ውስጥ ግን ጠብታ አልገባም። ዓይኑን ጨፍኗል።

«ምን ሆነህ ነው የጨፈንከው?»

«ራሴን አላምነውማ።»

እየተሳደበች ቀንበጡን አሰረች። እየተሳደበች ፎጣ አመጣችለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ ብላው አታውቅም። ቀንበጡ ይዟል፣ ጠመም ብሎ።