የደወለ ይግባ፣ የጮኸ ይቁም

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው ግማሹ ወሬ ያመልጠዋል። የማወጋችሁ በጃንሆይ ዘመን መርካቶን ከጨለማ ወደ ብርሃን ሊያወጧት ስለተነሡት፣ ስለ ሸማ ተራው ነጋዴ ስለ ጋሼ ጀማለዲን ነው። መርካቶ አልወጣችም፤ ጥፋቱ ግን የእሳቸው አይደለም።

ጋሼ ጀማለዲን አንድ ቀን ፒያሳ፣ አንድ ትልቅ ሰው ቤት ጋቢ ሊያደርሱ ሄደው፣ በሩ ላይ የኤሌክትሪክ ደወል አዩ። የኮት ቁልፍ የምታህል ነጭ ነገር ጫን ቢያደርጉ፣ ቤቱ ውስጥ "ጥርርር" አለና አሽከር እየሮጠ መጣ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

"ስንት ዘመን ጉሮሯችንን በከንቱ ስናደርቅ ኖርን!" አሉ ለሚስታቸው ለእትዬ ሰዓደት።

ነገሩ የሚያስቸኩልም ነበር። ልጃቸውን ሐጀራን የመሳለሚያው ጅምላ ነጋዴ ልጅ ጠይብ ሊያገባት አስቦ፣ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ በወዲያ በወዲህ ተሰምቷል። ሐጀራ ጠይብን በልቧ እሺ ካለችው ሰንብታለች፤ አባትየው ደግሞ ከእሷ ብሰው ጓጉተዋል። "እንዲህ ያለ ዝምድና በእንዲሁ በር አይገባም" ብለው፣ ደምመላሽ የሚባለውን መብራት ገጣጣሚ አስጠርተው ደወሉን አስገጠሙ።

ደምመላሽ ሥራውን ጨርሶ ራሱን አከከ።

"ጋሼ፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ታዲያ ማን ይደውላል?"

"እውነትህን ነው" አሉ ጋሼ ጀማለዲን። "ይዘጋ!"

ሐጀራ ከተወለደች ጀምሮ ቀን ቀን ተዘግቶ የማያውቀው በር ለደወሉ ክብር ተዘጋ። በምረቃው ዕለትም ጋሼ ጀማለዲን ጎረቤቱን ሰብስበው፣ በሩ ላይ የተወጠረውን የጥለት ቁራጭ በመቀስ ቆርጠው ንግግር አደረጉ። "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ጊዜው የሥልጣኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር ላይ 'ቤቶች!' ብሎ መጣራት ቀርቷል። የደወለ ይግባ፣ የጮኸ ይቁም!" ሕዝቡም አጨበጨበ። ከዚያም ተበተነ። ተመልሶም አልመጣ።

ደዋይ ግን አልጠፋም፤ ጋሼ ጀማለዲን ራሳቸው ነበሩ። ወጥተው ይጫናሉ፤ እትዬ ሰዓደት ከውስጥ "ማነው?" እንዲሉ ታዘዋል፤ ከዚያ ሮጠው ይገቡና "እንግዳ መጥቷል፣ ተነሺ እንጂ!" ይላሉ። የእትዬ ሰዓደት እኅት ዘኪያ በሩ ላይ ስትጣራ ቆይታ አኩርፋ ሄደች። "ሥልጣኔ መሥዋዕትነት ይጠይቃል" አሉ ጋሼ ጀማለዲን። መሥዋዕቷ እንግዲህ ዘኪያ መሆኗ ነው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ የጠይብ ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት ሼህ ዘይኑዲን ከዘራቸውን ይዘው፣ ሁለቱ ከኋላ።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ቤቶች!"

እትዬ ሰዓደት ብድግ አሉ።

"ቁጭ በይ!"

"መጡ እኮ!"

"አልመጡም።"

"ድምፃቸውን እየሰማህ?"

"ድምፅ መምጣት አይደለም። በሠለጠነ አገር ሰው መጣ የሚባለው ሲደውል ነው። ለዘኪያ የከለከልኩትን ለእነሱ ብፈቅድ፣ ሕጉ ምን ሊሆን ነው?"

ውጪ ደግሞ ሌላ ሸንጎ ተይዟል። አንዲት መንገደኛ "ያቺን ነጯን ይጫኗት፣ ትጮህልዎታለች" አለቻቸው።

"የኔ ልጅ" አሉ ሼህ ዘይኑዲን፣ "ሙሽራ ልለምን ነው የመጣሁት፤ ግድግዳ ልኮረኩር አይደለም።"

"መብራት ሰው ይይዛል ይላሉ" አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እየከተቱ።

ሁለተኛውን ሰላምታ ጮክ ብለው አሰሙ። የመለሰ የለም። ሦስተኛውን ሼህ ዘይኑዲን ዝግ ብለው አሉት። ይኼኔ የሐጀራ ፊት ዐመድ መሰለ። ሦስቴ ሰላም ብሎ ያልተመለሰለት ወደ መጣበት ይመለስ እንደሚባል የማያውቅ እስላም በሰፈሩ የለም።

"አባባ፣ ሦስተኛው እኮ ነው! መሄዳቸው ነው!"

"ይደውላሉ" አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን ከደወሉ ሳይነቅሉ። "ሰላምታውን እንደሆነ በሆዴ መልሼላቸዋለሁ።"

ሐጀራ ተነሣች። በጓሮ ሾልካ አጠገባቸው ካለው ከአጎቷ ከጋሼ ጠሃ ግቢ ገባችና ነገሩን ነገረቻቸው። ጋሼ ጠሃ የአባቷ ታላቅ ናቸው፤ ሥልጣኔ ስላልደረሰባቸው በራቸው ክፍት ነው። ብቅ ብለው መንገዱ ላይ ጮኹ፦

"ወዓለይኩም ሰላም! ወዴት ነው? ግቡ እንጂ!"

ገቡ። ሼህ ዘይኑዲን እንደተቀመጡ፣ "አባትየው የሉም እንዴ?" ሲሉ ጠየቁ።

"አለ። እየሠለጠነ ነው፤ ዛሬ አይመቸውም።"

"ታዲያ ልጅቷን ከማን እንለምን?"

"ከእኔ ነዋ! ፈቃዱን ቀደም ብሎ ነግሮኛል፤ ቃሉን እኔ ታላቁ እሰጣለሁ። ጋብቻው ለሚታሰርበት ለኒካሑ ራሱ ይደርሳል፣ ያ በር ከለቀቀው።"

ሐጀራን ጠየቋት፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች። ቃሉ እንዲጸና ፋቲሓ ተቀራ።

በወዲያ በኩል ጋሼ ጀማለዲን ኮታቸውን ቆልፈው ተቀምጠዋል። ውጪው ጭር ብሏል።

"ሄዱልህ" አሉ እትዬ ሰዓደት።

"ሊለማመዱ ሄደው ነው" አሉ ባልየው።

ወዲያው ደወሉ "ጥርርር!" አለ።

"አላልኩሽም!" ብለው ዘለሉ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ "ማነው?"

"እንግዳ።"

ከፈቱ። ሐጀራ ብቻዋን ቆማለች።

"አንቺ! በገዛ ቤትሽ ትደውያለሽ?"

"ቤቴማ መሳለሚያ ሆነ፣ አባባ። ጋሼ ጠሃ ዳሩኝ። ፋቲሓው ተቀርቷል፤ ለምርቃቱ እንኳ ይድረስ ብለዎታል።"

ጋሼ ጀማለዲን እየተደናቀፉ ወደ ወንድማቸው በር ሄዱ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ዘው ብለው እንዳይገቡ አፈሩ። እጃቸው አጥሩን ወዲያ ወዲህ ዳበሰች፤ የምትጫን ነገር የለችም። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ቤቶች..." አሉ።

"ግባ!" አሉ ጋሼ ጠሃ። ጋሼ ጀማለዲን የተጣሩት አንዴ ብቻ ነው።

ልጆቼ፣ ደወል ክፉ አይደለም፤ እናንተም ሲደላችሁ ግጠሙ። ብቻ ሰው በራችሁ ላይ ሰላም ሲላችሁ ቶሎ መልሱለት፤ ይህቺን፣ አደራ፣ አስታውሱልኝ።