በምርቃና የሚመረጥ ትምህርት

በዚህ በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ውስጥ የልጅን ትምህርት የሚመርጠው ማን ይመስላችኋል? ተማሪው? ተሳስታችኋል! የሚመርጠው ጫት ቃሚ አባቱ ነው። ትምህርት ቤት ሳልረግጥ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ እኔ ይህን ጠባይ ጠንቅቄ አጥንቼዋለሁ። አባት ምርቃናው ሲወጣ ልጁን ሐኪም ያደርጋል፤ ሲወርድ ሱቅ ያስቀምጣል።

የጎረቤቴ የአህመዴ ልጅ ዘሃራ አስራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ሳይንስ ፈለገች፤ አባቷ ግን ንግድ ትማር አለ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምርቃናው ሲወጣ ጠይቂው፤ ወላሂ ብሎ ሳይምል እንዳትነሺ» ብዬ መከርኳት።

ከአባቷ ጋር ጫት ስንቅም በርጫው መሀል ገብታ ጠየቀችው።

«ሳይንስ ነው እንጂ! ዶክተር ትሆኛለሽ፣ ወላሂ!» አለ፣ ሁላችንም እየሰማን።

በማግስቱ ጠዋት «ንግድ!» ሲላት፣ «አባ፣ ወላሂ ብለሃል» አለችው። መሐላ አይፈርስምና ሳይንስ ፈቀደላት።

እኔን ግን «አንተ ሽማግሌ፣ ከእንግዲህ ካንተ ጋር የምቅመው አፌን አስሬ ነው!» አለኝ።

ታናሽ እህቷም አስረኛ ክፍል ደርሳለች፤ ከርሞ የመምረጥ ተራው የእሷ ነው። አፉን አስሮ እንዴት እንደሚቅም አያለሁ።