የመጀመሪያ ትዝታዬን የተቀማሁበት ምርቃት

ሰው ስለ መጀመሪያ ትዝታው ሲጠየቅ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አንገቱን ቀና፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ሩቅ ያያል። ከዚያ የሚመጣው ትዝታ ደግሞ ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። «የመጀመሪያ ትዝታዬ ሽንኩርት ሲከተፍ ማየቴ ነው» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አንዱ ከጅብ አፍ ተርፏል፤ ሌላው ወንዝ ወስዶት የዛፍ ሥር ይዞ ወጥቷል። አንድ የሥራ ባልደረባዬማ ክርስትና ሲነሣ ውኃው እንደቀዘቀዘው ትዝ ይለኛል ይላል። በአርባ ቀኑ! ይኸው ሰው የቢሮ ቁልፉን ጠዋት የት እንዳኖረው ስለማያስታውስ ሁላችንም በየዕለቱ ጠረጴዛ ሥር እንርመሰመሳለን።

እኔም ብሆን ከማንም የማላንስ ባለትዝታ ነበርኩ። ነበርኩ ነው ያልኩት።

ትዝታዬ ይህ ነበር። ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቦታው የትውልድ ከተማዬ አማኑኤል፣ ቀኑ የገበያ ቀን። ጤፍ ሊጭን የመጣ ቀይ የጭነት መኪና ገበያው ዳር ቆሟል። የወርቅ ጥርስ ያለው ሾፌር ብድግ ያደርገኝና ጭኑ ላይ አስቀምጦ «እስቲ ንካው ጎበዝ!» ይለኛል። እኔም በሁለት እጄ ጡሩምባውን እጫነዋለሁ። ከዚያ በኋላ ገበያ የሚባል ነገር የለም! አህዮቹ ከነጭነታቸው ወደየአገራቸው ተመለሱ። በርበሬ ሻጮቹ እያስነጠሱ ተበተኑ። የአጥቢያው ዳኛ በቅሎ ደነበረችና እሳቸውን ከነነጭ ጋቢያቸው ጭቃ ላይ አስቀምጣቸው ሄደች።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ዘመድ የለኝም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። ድምፄ ለምን እንዲህ እንደሚጮህ የማስረዳውም በእሱ ነው። ባለቤቴን የሺን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ እንኳ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አውርቶታል፤ የጋብቻው ጉዳይ ሳይነሣ አንድ ሰዓት ተስቋል አሉ።

ታዲያ አምና ክረምት የወንድሜ ልጅ ሰላም ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ድግሱ አማኑኤል፣ እናታችን ግቢ ሆነ። ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ቢሆንም ሰው ጢም ብሏል። «አጎቷ ይናገር» ተባለና ማይክራፎን ሰጡኝ። ለእኔ ማይክራፎን መስጠት ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ስለ ትምህርት ጥቅም ጀመርኩና በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ጭነት መኪናው ላይ ወጣሁ። ጡሩምባው ተነፋ፤ ዳኛው ወደቁ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ሳይበርድ ታላቅ ወንድሜ ተነሣ። የተመራቂዋ አባት እሱ ነው። መሪጌታ ነው፣ ቅኔ ያስተምራል፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይለዋል። በሁለት ዓመት ብቻ ቢበልጠኝም ሰው ፊት «አንቱ» ነው የምለው። ጥምጥሙን አስተካከለና ረጋ ብሎ፣ «ወንድሜ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ያ ልጅ ግን እኔ ነኝ» አለ።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ወንድሜ ግን ቀጠለ። የሾፌሩ ጭን ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር፣ መኪናው ውስጥ ምን እንደሚሸት፣ ዳኛው ከጭቃው ሲነሡ ምን ብለው እንደረገሙ ሁሉ ተናገረ። የወርቅ ጥርሱን እንኳ አልተወልኝም! የተለያየነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ቀይ የምለውን መኪና እሱ ሰማያዊ አለው።

«ቀይ ነው!» አልኩ በማይክራፎኑ።

«ሰማያዊ ነው። ደግሞስ አንተ ያኔ ጡት አልጣልክም።»

«አንቱ ደግሞ አምስት ዓመትዎ ነበር። ጭን ላይ የሚቀመጥ የአምስት ዓመት ጎረምሳ የት አገር አለ?»

ደቀ መዛሙርቱ ከዳር ሆነው መምህራቸውን ያያሉ። መሪጌታ ፊታቸው እንዴት ይሸነፋል? ጣቱን ወደ ላይ አነሣና፣ «እንግዲያው ሰሙን ውሰደው፤ ወርቁ ግን የእኔ ነው» አለ። አጨበጨቡለት።

«ወርቁማ ሾፌሩ ጥርስ ላይ ነው ያለው፣ አንተ!» አልኩ።

«አንተ» ያልኩት ሳላስበው ነው። አንዴ ካፌ ወጣ። ጭብጨባው ቀጥ አለ። ወንድሜ መቋሚያውን አንሥቶ ወደ መውጫው ሁለት እርምጃ ሄደ። ሁለት ጎልማሶች፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ መሪጌታ፣ በአንድ ጡሩምባ ልንቆራረጥ ነው። ሰላም ጥቁር ካባዋን እንደለበሰች ወደ እኔ መጣችና በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ የእኔ ምርቃት እኮ ነው ዛሬ» አለችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ልጅቱ ግን ከሁለታችንም ትሻላለች። ወደ እናታችን ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከችና፣ «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ጡሩምባውን የነፋው ማነው?» ብላ ጠየቀቻት።

እናታችን መስማት የፈለገችውን ብቻ የምትሰማ አሮጊት ናት። ይህን ሰማች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንዴት አንቺ?» አልን አንድ ላይ። ከጠቡ በኋላ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ነው።

«እኔ ነኛ! ያን ቀን ዶሮ ልሸጥ ገበያ ወጣሁ። እናንተ እቤት ከአክስታችሁ ጋር ናችሁ። መኪና ሲያልፍ እንጂ ከውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሾፌሩን ‹እስቲ ወጥቼ ልየው› አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ ‹ውጪ› አለኝ። ዶሮዬን እንደታቀፍኩ ወጣሁ። መኻል ላይ ያለችውን ክብ ነገር ነካኋት፤ አገሩ ተገለባበጠ።»

«ታዲያ እኛ ከየት መጣን?» አለ ወንድሜ። የድምፁ መሪጌታነት ጠፍቶ ነበር።

«አባታችሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ዕለት ለቅሶ ሄዶ ነበር። ማታ ሲመጣ ወሬው ቀድሞታል። የዳኛውን በቅሎ ያስደነበረች ሚስት ይዞ በምን ፊቱ አደባባይ ይወጣል? ‹ልጁ ነው የነካው› አልኩት። ‹የትኛው?› ሲለኝ አጠገቤ የነበረውን አሳየሁት። ሌላ ጊዜ ሲያነሣው ደግሞ ሌላኛችሁ አጠገቤ ነበረ። በኋላ እናንተም ወደዳችሁት፤ ‹ንገሪን፣ ንገሪን› እያላችሁ አላስተኛ አላችሁኝ። ምን ላድርግ? ነገርኳችኋ!»

«መኪናውስ?» አልኩ፤ ቢያንስ በቀለሙ ልርታ ብዬ። «ቀይ ነው አይደል?»

«አረንጓዴ ነው።»

እናቴ በሐሳቧ ከእኛ ጋር አልነበረችም። ሁለት እጇን ፊቷ ዘርግታ፣ የሆነ ነገር እንደሚጫን ሰው ጣቶቿን እያየች ፈገግ ትላለች። «ድምፁ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ!» አለች። እኔና ወንድሜ ይህችን ሴት በሕይወት ዘመናችን እንዲህ ደስ ብሏት አይተናት እንደማናውቅ የገባን ያኔ ነው። ያን የገበያ ቀን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። የሕይወቷን ትልቁን ጥፋት አጥፍታ፣ ደስታውን ዋጥ አድርጋ፣ ዝናውን ለሁለት ልጆች ስታካፍል ኖረች።

ወንድሜ ተመልሶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ይስቃል። «ወንድሜ» አለኝ ዕንባውን እየጠረገ፣ «ስንጣላበት የዋልነው እኮ የዶሮዋ ትዝታ ነው!» ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም ጭንቅላቴን ዳበስ አደረገኝ። «አንቱ» ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰላምም ዳቦዋን ቆረሰች።

ይኸውና ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያ ትዝታ የሌለው ሰው ሆንኩ። ባዶነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እናም ባለፈው ሳምንት ያ ክርስትናው ትዝ የሚለው ባልደረባዬ እቤት መጥቶ ስንጫወት፣ ሌላ ትዝታ ከውስጤ ፈልቅቄ አወጣሁ። ትንሽ ልጅ ሆኜ የጭድ ክምር ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ መንደሩ ሁሉ «ጠፋ» ብሎ ሲፈልገኝ ዋለ፤ በመጨረሻ መቻል የሚባለው ውሻችን አነፍንፎ አገኘኝ። ስናገር ዓይኔ ራሱ ዕንባ አቀረረ።

የሺ ሰሃን እያነሣች ነበር። ቆም አለች። «መቻል የእኛ ውሻ ነው» አለችኝ፤ «መርጡለ ማርያም፣ እናቴ ቤት። የተኛሁትም እኔ ነኝ። ስንተጫጭ ነው የነገርኩህ።»

እንግዳችን ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ። እኔ ግን ከአማኑኤል የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ በዋዛ አልሸነፍም። «አንቺስ በምን አወቅሽ?» አልኳት። «ማን ነገረሽ?»

ሰሃኑን አስቀምጣ ስልኳን አነሣችና መርጡለ ማርያም እናቷ ዘንድ ደወለች። ጭዱን ጠየቀች፣ እንቅልፉን ጠየቀች፣ ረጅም ሰዓት አዳመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እንዲህ ስትል ሰማናት፦

«ምን ማለትሽ ነው እማዬ፣ ‹ውሻ ኖሮን አያውቅም›?»