የጋሽ ሦስት ጣት መለኪያ

ሐይቅ ባለበት ሁሉ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ ሹም አይጠፋም። የእኛው ሹም መረብ ጠጋኙ ነበሩ፤ ክቡር ጋሽ ሦስት ጣት። ቢሯቸው የተገለበጠች አሮጌ ጀልባ፣ ማኅተማቸው የገዛ ጣታቸው።

የተቦጨቀ መረብ ሲመጣላቸው ቡጭቁን አያዩም፤ ደህናውን የመረቡን ዓይን፣ ቀዳዳውን ነው የሚያዩት። ሦስት ጣታቸውን አጣብቀው ይሰዱበታል። ካለፈ ይጠግናሉ። ካላለፈ መረቡን በወግ አጣጥፈው፣ እንደ መርዶ ደብዳቤ በሁለት እጃቸው ይመልሱታል። «ከሦስት ጣት የቀጠነ ዓሣ ገና ልጅ ነው፤ ልጅ ወደ እናቱ ይሂድ።»

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ጣታቸው በየዓመቱ ይወፍር ነበር። ቁርጥማትና ቀዝቃዛ ውሃ ተባብረው አሳበጡት። አምና ያለፈ መረብ ዘንድሮ ይወድቃል። የሐይቁ ሕግ በአንድ ሽማግሌ ቁርጥማት ይመራል ብለን አምተናል።

እኔ የተቀየምኳቸው እህቴ ልታገባ አራት ቀን ሲቀራት ነው። የሠርጉን ዓሣ የማቀርበው እኔ፤ ያለኝ አንድ መረብ ደግሞ ከውሃ ውስጥ ጉቶ ጋር ታግሎ ተሸንፏል። ይዤላቸው ሄድኩ። ሁለት ጣት ገባ፤ ሦስተኛው ደጅ ቀረ። በሟች አባቴ ስም ለመንኳቸው። ሠርግ መሆኑንም ነገርኳቸው።

«ሠርግ ከሆነማ ይብሳል፣ ልጄ» አሉኝ። «ገና ያልወለደችዋን ዓሣ ዛሬ ከጨረስካት፣ ከዚህ ሠርግ ለሚወለደው ምን ልታበላው ነው?»

ከዚያ የራሳቸውን መረብ አዋሱኝ። ዓይኑ እንኳን ዓሣ እኔንም ያሳልፋል። ሦስት ቀን ጥዬ አሥራ አንድ ዓሣ ብቻ አወጣሁ፤ እያንዳንዱ ግን ሚዜውን ያክላል። እናቴ በቢላዋ ሳይሆን በጸሎት አካፈለችው። የአማቾቻችን ወገን እስከ ዛሬ ቋጣሪዎች ይሉናል።

አሁን እሳቸው የሉም። ጀልባዋንም ሣር ውጧታል። ባለፈው ሳምንት የዚያ ሠርግ ፍሬ፣ ቁመቷ እኔን ያለፈው የእህቴ ልጅ፣ እቤቴ መጥታ ክንዷን የሚያህል ዓሣ አጥንቱን ብቻ አስቀርታ በላች። ስታበቃ ተነሳሁና አዲሱን መረቤን አወጣሁ። ሦስተኛው ጣቴ አልገባም። ሻጩን ረገምኩ።

ባለቤቴ በሩን ተደግፋ ሳቀችብኝ። «የመረቡ ዓይንማ እንደ ድሮው ነው። ያበጠው ያንተ ጣት ነው።»

እውነቷን ነው። ቢሆንም በማግስቱ መረቡን በወግ አጣጥፌ፣ በሁለት እጄ፣ ለሻጩ መለስኩለት።