አባቴ ከተማውን ያቀፈበት ሰሞን

ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ከሆነ፣ በዚህ አገር ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ ሰው ወዳድ ነው። በአንድ ክንድ አጥር ጎረቤቱን ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ያመላለሰው ሰውዬ እንኳ ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ «ቁጣ የማያውቅ» ይሆናል። እኔም ስለ አባቴ ላወራችሁ ስነሳ እንደምትጠረጥሩኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከጥፋቱ ልጀምርላችሁ። አባቴ ውሸታም ነበር።

ልብስ ሰፊ ነበራ! የትኛው ልብስ ሰፊ ነው «ነገ ይደርሳል» ብሎ ነገ ያደረሰ? በጃንሆይ ዘመን ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በምታወርደው፣ የስፌት መኪኖቹ ቀኑን ሙሉ ስለሚንጫጩባት መኪና ግርግር በምትባለው ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት ሱቅ ነበረችው። ኮታችሁን ልትወስዱ ትገባላችሁ። ስማችሁን ጠርቶ፣ የልጆቻችሁን ጤና በየተራ ጠይቆ፣ አንድ ሁለት ቀልድ ጣል ሲያደርግላችሁ ኮቱን ሳትይዙ እየሳቃችሁ ትወጣላችሁ። የምትናደዱት ቤታችሁ ከደረሳችሁ በኋላ ነው።

እኛ አምስት ልጆቹ የምንለብሰው ከደንበኞቹ የተረፈ ቁርጥራጭ ነበር። የእኔ ቀሚስ ፊቱ የመምህር ሱፍ፣ ጀርባው የፖሊስ ካኪ ነው። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተስቆብኝ እያለቀስኩ ብገባ፣ አባባ ዞር አድርጎ ጀርባዬን አየና «ማን ይነካሻል? ከኋላሽ ፖሊስ አለ!» አለኝ። በማግስቱ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። አባባ ሜትር ለጨርቅ እንጂ ለሰው አይሆንም ባይ ነበር። ሰው የሚለካው በሲባጎ ነው። ከሲባጎው ጫፍ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ትከሻ፣ ቀጥሎ እጅጌ፣ ቀጥሎ ደረት እያለ ይወርዳል። የማን መሆኑ እንዲታወቅ ደግሞ ጫፉ ላይ ምልክት ያስርበታል፦ ለቡና ነጋዴው ለሐጂ ዩሱፍ የቡና ፍሬ፣ ለመቶ አለቃው የደንብ ልብስ ቁልፍ፣ ለመምህሩ የእርሳስ ቁራጭ፣ ለሥጋ ሻጩ ትንሽ አጥንት። አርባ የሚሆኑ ሲባጎዎች ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። አንድ ጊዜ ልኩን የሰጠ ሰው ዳግመኛ አይለካም፤ ጨርቁን ጥሎ ይሄዳል። የአባባ ኩራት ይኸው ነበር።

እናቴ አስካለ ይህን አታውቅም። የባሌ ሥራ ቦታ ምን ሊያደርግልኝ ብላ ሱቁን ረግጣው አታውቅማ። አረፋና ፋሲካ በተቀራረቡበት ዓመት፣ በሁዳዴ መካከል፣ አባባ ገጠር ለቅሶ ሄዶ ሲውል ግን «ለበዓሉ ላጽዳለት» ብላ ሄደች። መጋረጃውን ገለጠች። ቋጠሮ፣ አጥንት፣ ፍሬ፣ የሰው ቁልፍ! እስቲ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እናቴም አማትባ «መተት!» አለች። ትዳር ሊያፈርስ፣ ባሏን ከቤቱ ሊያስወጣ የተቋጠረ መተት። ጠበል አምጥታ ረጨችው፤ በሩ ላይ አውጥታ አንድ ክብሪት ጫረችበት። መተት ለተደረገበት ሰው ከተነገረው ይብስበታል ስለሚባልም ለአባባ ትንፍሽ አላለችም።

በማግስቱ ከፊት ለፊት የሚሰፋው አብዱላሂ አባባን ጠራው።

«አቦ ተሰማ፣ ትናንት ሚስትህ በርህ ላይ ውሃ ረጭታ እሳት አንድዳ ሄደች። ምንድን ነው ነገሩ?»

አባባ ባዶውን ሚስማር አየ። አመዱ ውስጥ የመቶ አለቃውን ቁልፍ አየ። ሁሉም ገባው።

«የጾም ነገር ነው» አለው።

አብዱላሂ የክርስቲያን ጾም ውስጥ አይገባም፤ ወደ መኪናው ተመለሰ።

አሁን የአባባን ጭንቅ አስቡት። ሁለት በዓል ደርሷል፤ የአርባ ሰው ጨርቅ ተከምሯል፤ ልክ የለም። «ኑ ልለካችሁ» ቢል «ሲባጎዬ የት ሄደ?» መባሉ ነው። እውነቱን ቢናገር ደግሞ የመኪና ግርግር ወንዶች አንድ ወሬ ካገኙ ዓመት ያላምጡታል፤ እናቴ ገበያ መውጫ ታጣለች። ከስሙና ከእሷ አንዱ መዋረዱ ነው። አባባ ሁለቱንም አላዋርድም አለ።

ማቀፍ ጀመረ።

ደንበኛ ባየ ቁጥር ከመኪናው ተነስቶ እቅፍ! ደረት ተለካ። ትከሻውን ከዳር እስከ ዳር መታ መታ ያደርግለታል። ከብብቱ እስከ አንጓው እጁን ይዳስሳል። «አቧራ ነክቶሃል» ብሎ ጎንበስ ይልና ሱሪውን ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ያራግፍለታል። ከዚያ ሮጦ መጋረጃው ጀርባ ገብቶ ይቋጥራል። ሱቁ ድረስ ላልመጣው ፈረስ መጋላ ወጥቶ ያደባል። መቶ አለቃውን መሃል አደባባይ ላይ ሁለት ጊዜ አቀፈው፤ በመጀመሪያው ካፖርት ለብሶ ነበር።

ወሩ ደግሞ መካ የሚሄዱ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ «ዓፉ በሉኝ» የሚሉበት፣ ይቅር ተባብለው፣ ተቃቅፈው የሚሰናበቱበት ነው። ከተማው አየና አሰበ። ተሰማ ሰውን ሁሉ እያቀፈ ነው፤ ተሰማ ክርስቲያን ነው፤ ፋሲካም ቀርቧል። ኢየሩሳሌም ሊሳለም ነዋ!

ከዚያ በኋላ አባባ የሚያቅፈው ሁሉ ኃጢአቱን ይነግረው ጀመር። ሐጂ ዩሱፍ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው «ሱሪዬን አጠበበብኝ ብዬ ያማሁህ እኔው ወፍሬ ነው፤ ዓፉ በለኝ» አሉት። አብዱላሂ የዛሬ ስንት ዓመት የጠፋውን የአባባን መቀስ ይዞ መጣ። አባባ ግራ ገብቶት «ዓፉ፣ ዓፉ» እያለ ይለካል።

እሑድ፣ አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ፣ ሐጂ ዩሱፍና አብዱላሂ ከሁለት ደንበኞች ጋር ቤታችን መጡ። ተምርና በሶ ይዘዋል። ለስንቅ ነው።

«አስካለ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ ሐጂ። «ተሰማ እኮ ከተማውን ሁሉ ተሰናብቶ ጨረሰ።»

እናቴ ቁጭ አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አንዲት ቃል ሳይነግራት ባሏ ሊሄድ ነው! በእሷ ቤት መተቱ አልከሸፈም፤ የተላከበትን ሠርቶ ጨርሷል። አባባ ነጠላውን እንዳጣፋ ሲገባ እንግዳ መኖሩንም ረሳችው።

«አገሩን ሁሉ አቅፈው ተሰናብተው እኔ ብቻ ምን በድዬ ነው?» አለችው እያለቀሰች። «እርስዎ ምን ያድርጉ፣ መተቱ ነው! ሱቅዎ ውስጥ ተሰቅሎ አግኝቼ አቃጥዬው ነበር፤ ለካ ዘግይቻለሁ። ያ ሁሉ ቋጠሮ፣ ያ ሁሉ አጥንት፣ የቡና ፍሬ የታሰረበት...»

ሐጂ ዩሱፍ ቀስ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«የቡናዋ እኔ ነኛ!» አሉ።

አብዱላሂ ወደ ሐጂ አየ፣ ወደ አባባ አየ፣ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ደረሰ። እናቴም ከፊታቸው ላይ አነበበችው። ምን እንዳቃጠለች ሲገባት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አባባ የሸሸው ነገር ይኸው በገዛ ቤቱ፣ በእንግዳ ፊት ሊወርድባት ነው።

አባባ ግን ሳቁን ቀደመው። ሄደና አቀፋት። በቀን ብርሃን፣ በሰው ፊት፣ በልጆቿ ፊት! በዚያ ዘመን ባል ሚስቱን እንዲህ ሲያቅፍ እኔ አይቼ አላውቅም። እንዳቀፋት ወደ ወንዶቹ ዞረ።

«እስቲ ንገሩኝ» አላቸው፤ «ከእናንተ ውስጥ ለባሏ ብላ አርባ ወንድ በአንድ ክብሪት የምታቃጥል ሚስት ያለችው ማነው?»

ሐጂ ዩሱፍ ጥቂት አሰቡና «ወላሂ፣ የእኔዋ ብታገኘው ቡናዋን ፈትታ ትቆላት ነበር» አሉ። ያኔ ሁሉም ሳቀ፤ በእናቴ ላይ ግን አልነበረም። በሶውን እዚያው በጥብጠን ጠጣነው።

ለበዓሎቹ ልብሱ ሁሉ ደረሰ፤ የመቶ አለቃው ኮት ብቻ፣ በካፖርቱ ልክ ተሰፍቶ፣ ትንሽ ሰፋው። እናቴ በሰው ፊት ስላቀፋት አባባን እስከ ዕለተ ሞቱ ይቅር አላለችውም። ነገሩን ባነሳንባት ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ እየሳቀች መሆኗን እናውቅ ነበር።