አሠልጣኝ ሰይድ እውነት የተናገሩ ዕለት

መቼም አንድ ቀን ኳስ ተጫውቶ ዕድሜ ልኩን የሚያወራ ሰው ሳይገጥማችሁ አይቀርም። የመካነ ሰላሙ አሠልጣኛችን ጋሽ ሰይድ እንዲያ ነበሩ። ደሴ ላይ የአንድ ትንሽ ቡድን ተጠባባቂ ሆነው ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲጎዳ ወደ እኛ መጡ። በእሳቸው አፍ ግን ያላስለቀሱት በረኛ አልነበረም። ደሴ ድረስ ሄዶ ማን ይጠይቅ?

ረሀቡ ገበሬውን ከቀየው ነቅሎ ገበያችን ጀርባ ባፈሰሰበት ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። የአውራጃችን ገዥ ጋሽ ሰይድን አስጠሩና፣ «ከወግዲ ጋር ግጥሚያ አዘጋጅ። ልጆቹ ደህና አድርገው ይሩጡ፤ እንግዳው ጥጋባችንን ይዩልን!» አሏቸው።

በረኛው እኔ ነበርኩ፤ ከዋዜማው ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመስኩም። የወግዲው አጥቂ ኳሷን ሲመታ አየሁ፤ ከዚያ ሜዳው ዞረብኝና ተዘረርኩ። ስነቃ ራሴ ጋሽ ሰይድ ክንድ ላይ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ እንግዳው።

«ፀሐይ መትቶት ነው፣ ክቡርነትዎ» አሉ ገዥው።

ጋሽ ሰይድ ቀና አሉ። «ወላሂ ፀሐይ አይደለም! ርቦት ነው። ገበያው ጀርባ ደግሞ ሰው እየሞተ ነው፤ ሄደው ይዩ!»

እንግዳው ሄደው አዩ? ምን በወጣቸው! እሳቸው ወደ ግብዣው ሄዱ፤ ጋሽ ሰይድ ወደ እስር ቤት።

አብዮቱ ሲፈነዳ ገዥው ገቡ፣ ጋሽ ሰይድ ወጡ። ካድሬው ሕዝብ ሰብስቦ መድረክ ላይ አቆማቸውና፣ «ጓድ ሰይድ እውነት መናገር የማይፈሩ ታጋይ ናቸው! እስቲ ጓድ፣ ስለ ዛሬው ኑሯችንም እውነቱን ይንገሩን» አለ።

ጋሽ ሰይድ ሕዝቡን አዩ፣ ካድሬውን አዩ።

«ይቅርብኝ ልጄ፤ ገና መፈታቴ ነው» አሉ።

ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ካድሬው ግን ፈገግም አላለ።